የታርሲ የቅምሻ ተራ

በጣፋጭ ሻይዋ በምትታወቀው የወደብ ከተማ በቴጋል፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ሰፈር መስጊድ ጀርባ ባለው ወጥ ቤት፣ በረመዳን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አንድም ድስት ከእሳት አይወርድም፦ «ዛሬ ቀማሽ ማን ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው የማፍጠሪያውን ምግብ በጋራ ይሠራሉ። ሙዙ በኮኮናት ወተት ይንተከተካል፣ ከአኩሪ አተር የተሠራው ቶፉ ይጠበሳል፣ ሚጥሚጣው ይወቀጣል። ግን ሁሉም ጾመኛ ነው፤ ጨው ይነስ ይብዛ ማን ይወቅ? በምላስ ጫፍ ነካ አድርጎ መትፋት ይቻላል የሚሉ አሉ። የሴቶቹ መምህርት ሐጃ ማስኮና ግን «ምላስ ከሃዲ ናት፤ አንዴ ከቀመሰች ተፊ ብትያት አትሰማም» ብለው ከልክለዋል። ስለዚህ ቅምሻው የወር አበባዋ የመጣባት፣ ጾሙ ለጊዜው የተነሳላት ሴት ሥራ ነው። እንደዚህ ያለችዋን እኛ ሰፈር «ፈቃድ ላይ ናት» እንላታለን፣ ልክ እንደ መንግሥት ሠራተኛ። ማንኪያው ይሰጣታል፤ ያን ሰሞን የወጥ ቤቱ ንግሥት እሷ ናት። ጾመኞቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ይከቧታል፣ እሷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታላምጣለች፤ ክፉዋ ደግሞ «እስቲ ልድገመው፣ በደንብ አልለየሁትም» ትላለች።

ከሴቶቹ ሁሉ ማንኪያው ደርሷት የማያውቅ አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም የወጥ ቤቱ አለቃ ታርሲ ናት።

ታርሲ ክንደ ብርቱ፣ ወገበ ሰፊ፣ ሳቋ ከመርከብ ጥሩንባ ጋር የሚፎካከር፣ ሠላሳዎቹን አጋምሳ ያልጨረሰች ሴት ናት። ካስሙሪ የሚባል ጀልባ ቀቢ አግብታ ከአማቷ ከእማ ዋስተም ጋር ትኖራለች። ካገባች ወዲህ አንድም የረመዳን ቀን አላመለጣትም። ሌሎቹ ከዒድ በኋላ ያመለጣቸውን ቀን መልሰው እየጾሙ ቀዷ ሲያወጡ፣ እሷ እግሯን ዘርግታ የተጠበሰ ቶፉ ትበላለች። በዒድ ዋዜማ ሐጃ ማስኮና ድምፅ ማጉያውን ይይዙና «ዘንድሮም ታርሲ ወሩን ሙሉ ጾማለች! እናንተ ሴቶች፣ ተመልከቱና ተማሩ!» ይላሉ። ከዚያ በመስጊዱ በረንዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ከበሮ መጀመሪያ የምትመታው እሷ ናት። ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት! የበራ ፋኖስ ነው።

«መልአኳ መጣች!» ትላለች ጎረቤቷ ሩሚያቲ፣ ታርሲ ወጥ ቤት በገባች ቁጥር። «ክንፍሽን ሰብሰብ አድርጊው፣ ድስቱን ይደፋብናል።»

«ምቀኛ! እኔ ምን ላድርግ? አላህ ወዶኛል።»

እውነቱን ለመናገር፣ የታርሲ የወር አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስቴ ነው የሚመጣው። ሲመጣም እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሳይናገር ይመጣል፣ ሰንበት ብሎ ይቆያል፣ ቤቱን አተራምሶ ይሄዳል። ረመዳን ላይ ግን ዝር ብሎ አያውቅም። ታርሲም ይህን ከላይ እንደተሰጠ ሽልማት ቆጥራዋለች። ምን ታድርግ? እናቷም እንዲሁ ነበሩ፣ አክስቷም እንዲሁ።

ጣጣ የለውም ማለት ግን አይደለም። አንድ ዘመን ደሙ ሳይመጣ ወራት ሲያልፍ እማ ዋስተም «አረገዘች!» ብለው ሰፈሩን በደስታ አጥለቀለቁትና፣ የልጅ ማዘያ የሚሆን ሸጋ ባቲክ ጨርቅ ገዙ። ያ ሩቅ ዘመድ ግን መጣና እማ ዋስተምን አሳፈረ። ባቲኩ እስከ ዛሬ ኮኮናት ከገበያ ይታዘልበታል። ሰው «እማ፣ ምን አዘሉ?» ሲላቸው «የልጅ ልጆቼን» ይላሉ፣ ወደ ታርሲ ሳያዩ። ታርሲም ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ጓዳ ገብታ ያላለቀ ሥራ እንዳላት ሁሉ ትቆያለች።

አገጯ ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ ጸጉር ይበቅላል። ጠዋት ጠዋት በካስሙሪ ሞተር ሳይክል መስታወት እያየች በወረንጦ ትነቅለዋለች፤ መስታወቱን ወደ ላይ አዙራ ስለምትተወው ካስሙሪ ከኋላው የሚመጣውን መኪና ሳይሆን ደመናውን እያየ ነው ሥራ የሚሄደው። አንገቷ ዙሪያ ያለው ጥቁረት የእማ ዋስተም ጉዳይ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ የድስት ጥላሸት አንገትሽ ላይ ምን ይሠራል?» እያሉ በተፈጨ ሩዝና በእርድ ሲፈትጓት ኖረዋል። ቆዳው ይቀላል፣ ይቆጠቁጣል፣ በማግስቱ ጥቁረቱ እንደነበረ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ኡልፋ የምትባል አዲስ አዋላጅ ነርስ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። በረመዳን መጀመሪያ ሰሞን ወጥ ቤቱን ልትተዋወቅ ስትመጣ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ማንኪያው ለሷ ተሰጠ። ትኩስ ሙዝ በአፏ እንደያዘች፣ «ከኔ ቀጥሎ ተራው የማን ነው?» አለች።

«የማንም ይሁን፣ የታርሲ እንዳይሆን ብቻ!» አለች ሩሚያቲ። «እሷ እኮ መልአክ ናት። ካገባች ወዲህ አንድ ቀን አልፈታችም።»

ሁሉም ሳቀ። ኡልፋ ብቻ ማንኪያውን አስቀመጠች። ሙዙን ዋጠችና የታርሲን ክንድ ይዛ ከኮኮናት ልጣጩ ክምር ጀርባ ወሰደቻት።

«ታርሲዬ፣ ካለፈው ዒድ ወዲህ ስንት ጊዜ አየሽ?»

«ምኑን?»

«የወር አበባ ነዋ! መርከብ እጠይቅሻለሁ?»

«አንዴ... የሐጅ ሰሞን። ምነው?»

«አገጭሽን እስቲ።»

«አላሳይም!»

«አንገትሽንስ?»

«ቆይ፣ አንቺ አዋላጅ ነሽ ወይስ በግ ገዢ?»

ኡልፋ ሳቀች፤ ግን ክንዷን አልለቀቀችም። «እህቴ፣ ይሄ ሽልማት አይደለም። ምልክት ነው። ነገ ጤና ጣቢያ ነይ።»

ታርሲ ደሟ ፈላ። «ቀንተሽብኝ ነው አንቺም!»

«በምን ልቅናብሽ? አንቺ በረሃብ ቆመሽ እያማሰልሽ፣ እኔ ሙዝ እየበላሁ?»

ታርሲ እያጉረመረመች ወደ ድስቷ ተመለሰች። በማግስቱ ሄደች። ኡልፋ መጀመሪያ እርግዝና አለመሆኑን አረጋገጠች፣ ግፊቷን ለካች፣ ወገቧን ለካች፣ ከዚያ ከተማ መሃል ወዳለች የሴቶች ሐኪም ላከቻት። «ለስኳሩ ምርመራ ምንም ሳትቀምሺ ነው የምትሄጂው» ስትላት ታርሲ ደረቷን ነፋች። «ጾም? እሱን ለኔ ተይው!»

ሐኪሟ ዶክተር ሄራዋቲ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ደሟን አስመረመረች፤ የእንቅርት ዕጢው ጣጣ እንዳልሆነ አየች፤ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በማሽኑ ዳሰሰችና ስክሪኑን ወደ ታርሲ አዞረችው።

«ተመልከቺ፣ ይሄ እንቁላል ማምረቻሽ ነው። እነዚህ ጥቃቅን ክቦች ደግሞ እንቁላል የያዙ ከረጢቶች ናቸው። ችግሩ ማነስ አይደለም፤ ሞልተዋል። ግን አንዱም አድጎ አይወጣም፤ ዳር ዳር ይዘው ተደርድረዋል።»

«እንደኛ ሰፈር ወንዶች!» አለች ታርሲ። «ሻይ ቤቱን ዳር ዳር ይዘው ይውላሉ፣ አንዱ ተነስቶ ሥራ አይሄድም።»

ሐኪሟ እስክታነጥስ ሳቀች። «ስሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል። ብዙ ሴት አለባት፤ አብዛኛዋ አታውቀውም። አገጭሽ ላይ የሚወጣው ጸጉር ከዚሁ ነው፤ የወንድ የሚባለው ሆርሞን ከልኩ በልጦ ነው። አንገትሽ ላይ ያለውም ቆሻሻ አይደለም። ሰውነትሽ ስኳሩን የሚያዝበትን ሆርሞን አልሰማም እያለ ስለሆነ ቆዳሽ እየተናገረ ነው። ስኳርሽም ጫፉ ላይ ደርሷል።»

«ቆሻሻ አይደለም?»

«አይደለም።»

ታርሲ አንገቷን በእጇ ያዘች። ያ ሁሉ ሩዝ! ያ ሁሉ እርድ!

«አሁን የሚያሳስበኝ ማህፀንሽ ነው» አለች ሐኪሟ። «በየጊዜው መጥረግ ያለበትን ሳይጠርግ እየደራረበ ነው። ለዓመታት ከተተወ ወደ ክፉ በሽታ ሊለወጥ ይችላል።»

ይሄን ታርሲ ከማንም በላይ ገባት። የሩዝ ድስት ቂጡ ካልተፋቀ ምን እንደሚሆን እሷ ታውቃለች፤ ዛሬ ቅርፊት፣ ነገ ከሰል፣ ከነገ ወዲያ ድስቱ ራሱ ይጣላል።

ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘች። አንዱ ሜትፎርሚን ነው፣ ለስኳሩ፤ ሲያፈጥሩና ከንጋት በፊት በሚበላው በሰሁር ከምግብ ጋር የሚወሰድ። ሌላው ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ሲያልቅ ደሙን ያመጣዋል። በዚያ ላይ በየቀኑ መራመድ፤ በዚያ ላይ ጣፋጭ መቀነስ።

«ሻይስ?» አለች ታርሲ በስጋት።

«ስኳሩን ቀንሺ።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ የቴጋል ሰው ነኝ!»

«እኔም የቴጋል ሰው ነኝ። ለዚህ ነው ‹ተዪው› ያላልኩሽ።»

ታርሲ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እየፈራች፣ «ልጅስ?» አለች።

«መጀመሪያ ቤቱን እንጥረግ፣ እንግዳ ቀጥሎ ይጠራል። እንቁላሉን የሚያሳድግ ሌላ መድኃኒት አለ። እንዳንቺ ያሉ ብዙዎች ይወልዳሉ።»

ታርሲ በጣቷ አሰላች። ክኒኑን ዛሬ ብትጀምር ደሙ የሚመጣው ከዒድ በፊት ነው። ከዒድ በፊት! ዘንድሮ ደግሞ ያ አሮጌ ከበሮ አዲስ የጎሽ ቆዳ ተወጥሮለታል፤ ማን መጀመሪያ እንደምትመታው ለሰፈሩ ሁሉ ስትደነፋ ከርማለች። «ከዒድ በኋላ ብጀምረውስ?»

«ጥቂት ሳምንት አይገድልሽም» አለች ሐኪሟ። «ግን ‹ከዒድ በኋላ› ብላኝ የተመለሰች ሴት እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ እላለሁ።»

ታርሲ «እሺ» ብላ ወጣች፤ እሺታዋ ግን ከበሩ አላለፈም። ሜትፎርሚኑን በዚያው ምሽት ጀመረችው። ደም የሚያመጣውን ክኒን ግን በድንጋይ ስኳር ጣሳው ውስጥ ደበቀችው። ከእንግዲህ የማልከፍተው ዕቃ ይሄ ነው ብላ እኮ ነው! ጣሳውን በየምሽቱ አሥር ጊዜ የሚከፍቱት እማ ዋስተም መሆናቸው ትዝ አላላትም።

እኛ ሻይ በሸክላ ማንቆርቆሪያ ነው የምናፈላው። ድንጋይ ስኳሩ ሲኒው ታች ይቀመጣል፣ ትኩሱ ሻይ ይፈስበታል፣ አይማሰልም፤ ማማሰል ነውር ነው። መጀመሪያ ይመርራል፣ እየቆየ ይጣፍጣል። በማግስቱ እማ ዋስተም ሊያፈጥሩ ሲሉ እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ሰደዱና በስኳር ፋንታ ክኒን ይዘው ወጡ። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ለካ እንዲህ ነው!» አሉ። «ለካ እንዲህ ነው! የወሊድ መከላከያ! እኔ እዚህ ኮኮናት አዝዬ ስዞር፣ አንቺ ከስኳሬ ጋር መከላከያ ትደብቂያለሽ!»

ታርሲ አፏን በቴምር ሞልታለች። ካስሙሪ ሲኒውን እንደያዘ ደረቀ።

«እማ... አይደለም...» ቴምሩ አልወርድ አላት። «እንዳይመጣ የሚከለክል አይደለም። እንዲመጣ የሚያደርግ ነው!»

«ምኑ?»

ተናገረች። ሁሉንም፤ የተደረደሩትን እንቁላሎች፣ ያልተፋቀውን ድስት፣ አንገቷን። እማ ዋስተም አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ስትጨርስ አንገቷን አተኩረው አዩ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ስፈትግሽ...»

«ቆዳዬን ሊገፉት ምንም አልቀረዎት፣ እማ።»

«ምናለ ብትጮኺ!»

«እጮህ ነበር እኮ! ‹ቆሻሻው እየለቀቀ ነው› ይሉ ነበር።»

ካስሙሪ ሻዩ ትን አለው። እማ ዋስተም ግን አልሳቁም። ክኒኑን በእጃቸው ከፍ አድርገው፣ «ለምን አልዋጥሽውም ታዲያ?» አሉ።

«ከበሮው...» አለች ታርሲ፣ ድምፅዋ አንሶ። «ወሩን ካልሞላሁ ምን አለኝ? ልጅ የለኝ። ሰው የሚያመሰግነኝ በዚህ ብቻ ነው።»

ይህን ያልጠበቁት እማ ዋስተም ክኒኑን መሐረባቸው ላይ ቋጠሩት። «ነገ ሐጃ ጋ እንሄዳለን» ብቻ አሉ።

ሐጃ ማስኮና ጆሯቸው ከብዷል፤ ጆሮው የከበደ ሰው ደግሞ ዓለም ሁሉ የደነቆረ ይመስለዋል። በማግስቱ ከሰዓት በመስጊዱ በረንዳ ላይ እማ ዋስተም ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ነገሯቸው።

«ሐይድ አይመጣባትም?!» አሉ ሐጃ።

ጣሪያው ላይ የነበሩ እርግቦች ተነሱ። ወጥ ቤት ውስጥ ሚጥሚጣ የሚወቅጠው ሙቀጫ ቆመ። ታርሲ ራሷን በጉፍታዋ ሸፈነች።

«ቀስ ይበሉ፣ ሐጃ!» አሉ እማ ዋስተም።

«ቀስ ብዬ ነው እኮ የምናገረው! ነይ ወዲህ፣ አንቺ። ጹሚ ያለሽ ማን ነው?»

«አላህ።»

«ደሙ ሲመጣ ብይ ያለሽስ?»

«እሱው።»

«ታዲያ አንቺ ግማሹን ትእዛዝ ብቻ ነው ስትፈጽሚ የኖርሽው! ፈቃዱንም የሰጠው እሱ ነው።» ሐጃ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለ። «እኔ ሞኟ ደግሞ በየዓመቱ በድምፅ ማጉያ ሕመምሽን ሳወድስ ኖሬያለሁ። ሰው በጉንፋኑ ይወደሳል? በይ፣ ክኒኑን ዛሬ ስታፈጥሪ ትውጫለሽ። ካልዋጥሽ ግን ያን አዲስ ቆዳ የማጮኸው ባንቺ ራስ ነው!»

ያን ምሽት የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወጥ ቤቱ ሙሉ ታርሲን ከቧት ቆመ። ውሃ የሰጠቻት ሩሚያቲ ናት። ታርሲ ክኒኑን ዋጠች። «አፍሽን ክፈቺ እስቲ» አሉ እማ ዋስተም፣ እንደ ሕፃን። ከፈተች። ሁሉም አጨበጨበ።

ጠዋት ጠዋት ከሰሁር በኋላ፣ ጀምበር ስትወጣ፣ ወደ ጀልባ ማቆሚያው መራመድ ጀመረች። መጀመሪያ ብቻዋን፤ ቀጥሎ ኡልፋ ተከተለች፤ ቀጥሎ ሐሜት እንዳያመልጣቸው ግማሹ ወጥ ቤት። አንድ ጠዋት ሩሚያቲ ወደ ኋላ ቀረት አለችና የኡልፋን እጅጌ ሳብ አድርጋ፣ «የኔም አገጭ እኮ...» አለች። ኡልፋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

ሻዩ ነው ያስቸገረው። ታርሲ ባሏንም ያለ ስኳር ልታስለምደው ሞከረች። ካስሙሪ አንዴ ፉት ብሎ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ ብሩሼን ያጠብኩበት ውሃ?» ሲል፣ እናቱ በጭልፋ ቸብ አደረጉት። በመጨረሻ በአንዲት ቁራጭ ድንጋይ ስኳር ሦስቱም እንዲጠጡ ተስማሙ፤ የመጨረሻዋን ጣፋጭ ፉት ግን ማን እንደሚጠጣት እስከ ዛሬ ይጣላሉ።

ክኒኑ አለቀ። ታርሲ ጠበቀች። በሕይወቷ የወር አበባን በር በሩን እያየች ስትጠብቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ምንም የለም። «የረሳኝ ይመስለኛል» አለች ለኡልፋ። «አይዞሽ፣ ቀጠሮ ከሚያከብሩ ዘመዶች አይደለም ብለሽኝ የለ?» አለቻት ኡልፋ።

ከዚያ ረመዳን ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት፣ ታርሲ የሙዙን ድስት ስታማስል ድንገት ማማሰያውን ለሩሚያቲ ሰጥታ ወጣች። ቆየች። ሴቶቹ ተያዩ። ስትመለስ ፊቷ የዒድ ዋዜማው ፋኖስ ነው። ድስቱ ጋ ደርሳ እጇን ዘረጋች።

«ማንኪያውን አምጡ።»

ሩሚያቲ ማንኪያውን አቀበለቻት። ከዚያ አንዷ መጥበሻ መታች፣ ሌላዋ ክዳን መታች፣ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። እማ ዋስተም በባቲኩ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ኮኮናቶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«ዝም በሉ፣ እየቀመስኩ ነው!» አለች ታርሲ። ማንኪያውን በኩራት ሞላች፣ እፍ እፍ አለችበት፣ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ሁሉም ጠበቀ። ፊቷ ቀስ እያለ ተጨማደደ።

«ያ አላህ! ይሄ ስኳር ነው ወይስ ሙዝ? ስንት ዘመን ነው ይሄን ለሰው ስታበሉ የኖራችሁት?»

«አንቺ ነሽ እኮ የምትሠሪው!» አለች ሩሚያቲ።

«ታዲያ ቀማሾቹ ምን ትሠሩ ነበር? ለምን አትነግሩኝም?»

«ለመልአክ ‹ስኳርሽ በዛ› የሚል ማን አለ?»

ታርሲ ሳቀች። ያ የመርከብ ጥሩንባ ሳቋ ተለቀቀ፤ ማንኪያውን እንደያዘች ወገቧን ይዛ ሳቀች። ከዚያም የኮኮናት ወተት አስጨመረች፣ የሚጨመረውን ስኳር ከለከለች፣ «እስቲ ልድገመው፣ በደንብ አልለየሁትም» ብላም ሁለት ጊዜ ጎረሰች። መልአክነቷ በዚያው አበቃ።

በዒድ ዋዜማ ሐጃ ማስኮና ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ዘንድሮ ወሩን ሙሉ የጾመች ማን ናት?» ሲሉ ከኋላ እማ ዋስተም ተነሱ። «እኔ! ዕድሜዬ ካለፈ ወዲህ በየዓመቱ ሙሉ ወር ጾሜያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ስሜን የጠራ የለም!» ሐጃ አሰቡ፤ እውነት ነው። እማ ዋስተም ከበሮውን በዚያ ሁሉ ዓመት ቅናት ስለመቱት ወደቡ ላይ የቆሙ ጀልባዎች ድረስ ተሰማ። አጠገባቸው ሆና ከሁሉም አስበልጣ ያጨበጨበችው ታርሲ ናት።

በሽታው ጥሏት አልሄደም፤ ሐኪሟም እንዲያ አላለቻትም። ክኒኑን ትወስዳለች፣ ትራመዳለች፣ በቀጠሮዋ ትሄዳለች፤ የአገጯ ጸጉር ገና ስላልታዘዘ የካስሙሪ መስታወትም ደመና ደመናውን ያያል። ቀሚሷ ግን ወገቧ ላይ ጥቂት ሰፍቷታል። እማ ዋስተም አሁንም በባቲኩ ኮኮናት ያዝሉበታል፣ ብቻ ዓርብ ዓርብ አጥበው ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀምረዋል። ለምን ቢሏቸው «ይቆሽሻላ» ይላሉ።

ከዒድ በኋላ ታርሲ ቀዷዋን ስታወጣ ሩሚያቲ ገበያ ላይ አገኘቻት።

«እንዴት ነሽ፣ ፈቃደኛዋ?»

«ረሃብ ሊገድለኝ ነው!» ጮኸች ታርሲ፣ ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ እስኪዞሩ። «ሁሉም ሰው ቶፉ እየበላ እኔ ብቻ! እንዴት ነው ግን ይሄን ስትችሉት የኖራችሁት?»